ያልተሠራ አውሮፕላን ላይ ያለ ፈቃድ ስለመሳፈራችን

ይድረስ ለተከበሩ ሜኔር ኮርኔሊስ ቦስማ
የሕንፃችን የጋራ አዳራሽ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዞተርሜር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለጉልበትዎ ብርታትን፣ ለዓይንዎ ብርሃንን፣ አዳራሹን ሞልቶ ለተኛው አውሮፕላንዎም ከምስጥ መጠበቅን ከልብ እመኝልዎታለሁ። እኔና እናቴ ወይዘሮ ዘይነብ፣ ከላኩልን የእገዳ ደብዳቤ በቀር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ደኅና ነን። ደብዳቤዎ ግርጌ ላይ «ያልገባችሁ ካለ በራሳችሁ አስተርጓሚ ፈልጉ» የሚል ደግነት ስላነበብኩ፣ እኔም ይህንን በአማርኛ ጽፌ ሊፍቱ አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ያልገባዎ ካለ መፍትሔውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶች በአጭሩ ላስረዳ። እንግሊዞች ከሰባ ዓመት በፊት ቩልካን የሚባል ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እየሠሩ ሳለ፣ የዚሁኑ ሆድ አስፍተን ለምን መንገደኛ አንጭንበትም ብለው ንድፍ አወጡ፤ ስሙንም አትላንቲክ አሉት፤ ከወረቀት ግን አልወረደም። እነሱ የተውትን ክቡርነትዎ ከጡረተኛ ጓደኞችዎ ጋር በማኅበር ተደራጅተው አንስተው፣ ክንፉ ለአዳራሹ ስለሚበዛ ሆዱን ብቻ በእንጨት ሲሠሩት ዓመታት ነጎዱ። በንድፉ መሠረት ነው ብለው ወንበሮቹን ሁሉ ጀርባቸውን ለአብራሪው፣ ፊታቸውን ለጭራው አድርገው ተክለዋቸዋል። ወደፊት በማይሄድ አውሮፕላን ውስጥ ወደኋላ ዞሮ መቀመጥ፣ እውነቴን ነው፣ አስተዋይነት ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩. ባለፈው ወር የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ሳሊሕ፣ ደሴ ላይ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ስለሆነች ሐኪሟ አውሮፕላን እንዳትሳፈር ከልክሏታል፤ ስለዚህ ወንድሟን አልቀበረችም። ቀብር ላልደረሰ ሰው የሚቀረው ለቅሶ መቀመጥ ነው፤ የእኛ ሳሎን ደግሞ ጥቂት ሰው ከገባበት የቀረው ኮሪደር ላይ ያለቅሳል። አዳራሹን ስለምንዎ በርኅራኄ ፈቀዱልን፤ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት። ስምንት ሰዓት ላይ እንባ ጀምረን አሥር ሰዓት ላይ አፍንጫችንን ጠርገን እንድንወጣ ማሰብዎ ለሥርዓት ያለዎትን ፍቅር ያሳያል። እኛ ዘንድ ለቅሶ ሦስት ቀን ነው፤ ሰውም የሚመጣው ያለ አፍስፕራክ፣ ማለትም ያለ እናንተው ቀጠሮ ነው። ከሮተርዳም የተነሱት ባቡር ዘግይቶባቸው፣ ከቢልመር የመጡት ሴቶች ደግሞ ከፈረቃ ወጥተው ስለነበር፣ አሥር ሰዓት ሲሆን ገና ከበር እየገቡ ነበር።

፪. የአዳራሹ ወንበሮች የት እንደገቡ ለመጠየቅ በመድፈሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁሉም በብሎን ታስረው አውሮፕላኑ ውስጥ አገኘናቸው። ወገባቸውን የሚያማቸው እናቶች ቀዝቃዛ ወለል ላይ ይቀመጡ ወይስ ይሳፈሩ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ተሳፈርን። እንደዚህ ስል ግን ማመስገን ያለብኝን አልረሳም፤ መግቢያው በጭራው በኩል ስለሆነ፣ የሚገባው ሰው ሁሉ ከሐዘንተኛዋ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፤ ለቅሶ ቤት ይሁን ብለው ቢሠሩት እንኳ እንዲህ አይሰምርም ነበር። እናቴ ስለ ቦምብ ጣይ ከአባቷ የሰማችው ሁሉ በጣሊያን ጊዜ ደሴ ላይ ስለጣለው ቦምብ እንጂ ሰው ስለማስቀመጡ አልነበረም፤ እርስዎ ይህንን አስተካክለውላታል። ሐኪሟም ቢሆን የሚቆጣበት ምክንያት የለውም፤ ይኼኛው እንደማይነሳ እርስዎ ዋስ ነዎት።

፫. ሦስተኛውን ለማመስገን ቃል ያጥረኛል። ሐጂ አብዱረህማን ዱዓ እያደረጉ፣ እኛም አንገታችንን ደፍተን ሳለ፣ ክቡርነትዎ ከእንግሊዝ የመጡ የአውሮፕላን አፍቃሪ እንግዶችዎን አስከትለው ገቡ። እንግዶቹም አጨበጨቡ። አንዲት ሴትዮ የመንገደኞቹ ፊት ላይ ያለው ጭንቀት ልክ እንደ እውነተኛ ነው፣ ከየት አገኛችኋቸው ብለው ሲጠይቁዎ፣ እርስዎ ፈገግ ብለው «ከዚሁ ሕንፃ ናቸው» አሉ። ለቅሶ ላይ ናቸው ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ግን እንግዳ ማሳፈር ነውር መሆኑን እኛም እናውቃለን። ፎቶም ተነሳን።

በሳምንቱ ሁለት ወረቀቶች ወጡ። አንደኛው፣ ቤተሰባችን ያለ ፈቃድ አውሮፕላኑ ላይ ስለተሳፈረ ከእንግዲህ ለማናቸውም ሥነ ሥርዓት አዳራሹን እንዳይጠቀም የሚያግድ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው ሊፍቱ አጠገብ የተለጠፈው የአውሮፕላን ማኅበራችሁ ማስታወቂያ ሲሆን፣ እናቴ በሻሿ ጫፍ እንባዋን ስትጠርግ ያሳያል፤ ከሥሩም «የመጀመሪያዎቹ መንገደኞቻችን» ይላል። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ የሚባለውን ስሰማ አድጌያለሁ፤ በአንድ ማኅተም ሳየው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ትሕትናዬ እዚህ ላይ ያልቅብኛል፤ ተናድጃለሁ። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ሊፍቱ ጋ ስትደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ሰው ገና እየመጣላት ነው፤ እሑድ ከአምስተልቨንና ከደን ሃግ የሚመጡ አሉ፤ የምትቀበላቸው ግን ኮሪደር ላይ ቆማ ነው። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይምረጡ። እናቴ ያለ ፈቃድ የገባች ከሆነች ፎቶዋን ያውርዱ፤ መንገደኛዎ ከሆነች ደግሞ እሑድ በሩን ይክፈቱላት።

ያልተሠራውን በትጋት ለሚሠሩት፣ የተሠራውንም አዳራሽ በትጋት ለሚዘጉት ክቡርነትዎ ያለኝን ወደር የለሽ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ወገብዎ ሳይጎብጥ፣ ብሎንዎ ሳይላላ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እመኛለሁ።

የታገደች መንገደኛዎ
ፋሪዳ ሽባባው
ከአራተኛ ፎቅ

ማሳሰቢያ፦ ይህንን ለእናቴ ሳነብላት እንደ እኔ አልተቆጣችም። ትናንት በአዳራሹ መስኮት በኩል ስናልፍ፣ ብቻዎን ቁጭ ብለው የአውሮፕላኑን ግድግዳ ሲዳብሱ አይታዎት ኖሮ፣ «ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ማን ሞቶበት ነው?» አለችኝ። ማንም አልሞተበትም፣ አውሮፕላኑ ሳይሠራ ቀርቶበት ነው አልኳት። እሷም «ይኼን ሁሉ ዓመት ለቅሶ የደረሰው የለም?» አለች። ስለዚህ እሑድ ከእንግዶቿ ጋር ለቅሶ ልትደርስዎ ትወርዳለች፤ ደብዳቤዎ የከለከለው የእኛን ለቅሶ እንጂ የእርስዎን አይደለም። ሲያለቅሱ ፎቶ እንደማናነሳዎት ቃል እገባልዎታለሁ።