ለብራናው ያስቀመጥሁት ውኃ

ጎንደር፥ መጋቢት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ከዓይኔ ርቀህ ከጸሎቴ ላልራቅህ ልጄ ልዑልቃል፥

በድሬዳዋ ሐሩር የሚጠብቅህ አምላክ ጤናህን ያብዛልህ። እኔ አባትህ፥ ከሃምሳ ዓመት በላይ ብርዕ የጨበጠ እጄ ገና ባይከዳኝም፥ የዛሬውን ለመጻፍ ግን ሦስት ጊዜ አንሥቼው ሦስት ጊዜ አስቀምጬዋለሁ።

እስከ ዛሬ በስልክ ያልሰማኸው፥ አንተ በደወልህ ቁጥር እናትህ ከተኛችበት መደብ ላይ በእጇ «ዝም ይበሉ» እያለችኝ፥ የቀራትን ጉልበት ሁሉ ወደ ጉሮሮዋ ሰብስባ «ደኅና ነኝ ልጄ፥ ሸጋ ነኝ» ስለምትልህ ነው። ደኅና አይደለችም።

ነገሩ የጀመረው በጾሙ መግቢያ ነው። የግቢያችን ቧንቧ አራት ቀን ደርቆ ከሰነበተ በኋላ አንድ ጧት እያጉረመረመ መጣ፤ የመጣው ግን የክረምት ጎርፍ የመሰለ ቀይ ውኃ ነበር። ጎረቤታችን ሸዋአየሁ ባልዲዋን ይዛ «መሪጌታ፥ ቧንቧችን ጠላ መጥመቅ ጀመረ እኮ! ጌሾው ብቻ ነው የጎደለው» ብላ አሳቀችን። ሊያይ የመጣው የውኃ ሠራተኛም «አባ፥ አይስጉ፤ መስመር ተጠግኖ ነው፤ ትንሽ ቢያፈሱት ይጠራል» ብሎን ሄደ። አፈሰስነው፤ አልጠራም። እያሳደርን፥ ዝቃጩን ከታች ትተን፥ ከላይ ጠራ ያለውን እየቀዳን መጠጣት ያዝን።

በዚያው ሰሞን እናትህ ለኮላ ድባ ምእመናን የምጽፈው የጸሎት መጽሐፍ ብራና የሚሆነውን የፍየል ቆዳ በዚሁ ጠራ ባለው ውኃ ዘፈዘፈችልኝ። ወጥሬ ባደረቅሁት ጊዜ፥ እንደ ወትሮው የወተት መልክ ሊይዝ ሲገባው፥ ከዳር እስከ ዳር የዛገ ምስማር ያረፈበት መስሎ ወይቦ አገኘሁት፤ በደንብ አላጠብሽውም ብዬም ተቆጣኋት። እርሷም፥ ታውቃት የለ፥ «ምነው መሪጌታ፥ እኔን ከሚቆጡ ፍየሏን አይቆጡም?» አለችኝ። ሁለተኛውን ቆዳ ራሴ አጥቤ ራሴ ዘፈዘፍሁት፤ እርሱም ወየበ። ጥፋቱ የእናትህም የፍየሏም ሳይሆን የውኃው እንደ ሆነ ያን ዕለት ዐወቅሁ።

ልጄ ሆይ፥ ከዚህ በታች ያለውን ለነፍስ አባቴም ገና አልተናዘዝሁትም።

ቆዳ ሻጩ ሙሉሰው ከዳባት በመጣ ቁጥር አንድ ጀሪካን የምንጭ ውኃ ያመጣልኝ ነበርና፥ ከዚያች ቀን ወዲህ ቀለሜን የምበጠብጠውም ብራናዬን የምዘፈዝፈውም በእርሱ ብቻ ሆነ፤ በጋን አድርጌ፥ ከድኜ፥ ከመጻፊያ ክፍሌ አኖርሁት። ለፍየል ቆዳ ያልበጀ ውኃ ለሰው ሆድ እንዴት ይበጃል ብዬ ግን አልጠየቅሁም። አንድ ቀን እናትህ ከቅዳሴ ተመልሳ፥ ከሌሊት ጀምሮ እህል ውኃ ባልቀመሰ አፏ፥ «ከዚያች ጋን አንድ ጣሳ ቢሰጡኝ? ይኸኛው ብረት ብረት ይለኛል» አለችኝ። እኔም ከብራናው ላይ ቀና ሳልል «ይህ ለቃሉ የተለየ ነው» አልኋት። «እሺ» አለች። ዳግመኛም አልጠየቀችኝም።

ከታመመች ዛሬ ዐሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሆዷ አልቆም ብሎ፥ የዋጠችው ሁሉ እየተመለሰ፥ ያቺ ደልዳላ እናትህ የትነበርሽ የሕፃን ያህል ቀልላለች። ጤና ጣቢያ ወስደናት፥ እዚያ ያለችው ሐኪም «አባቴ፥ ቀለሙ የዝገት ይሆናል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን በተሰበረው መስመር አብሮ የገባው ነው» ብላ፥ በንጹሕና በፈላ ውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጠችን። የቧንቧውን አፍልተን ብንሰጣት ገና ሽታው ሲደርሳት ይመልሳታል፤ የመኪናው መንገድ በግጭቱ ከተዘጋ ወዲህ ሱቆቹ የታሸገ ውኃ ጨርሰዋል፤ ሙሉሰውም ከዳባት መውረድ አልቻለም። የቀረን የጋኑ ብቻ ነው፤ ዛሬ ጧት በዘንግ ብለካው አንድ ስንዝር አልሞላም።

የመጀመሪያውን ጣሳ አፍልቼና አቀዝቅዤ ወደ ከንፈሯ ባስጠጋሁ ጊዜ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «ለመጽሐፉ አይጎድልብዎትም?»

መጽሐፉ በሰባተኛው ጥራዝ ላይ ቆሟል። የኮላ ድባ ሰዎች ይጠብቁኝ፤ የቃሉም ባለቤት፥ ቃሉን አክብሬ ፍጥረቱን ያስጠማሁትን እኔን፥ ይቅር ይለኝ እንደ ሆነ ልጠብቀው።

የቅኔውን ጉባኤ ትተህ ውኃ በጠርሙስ እየቀዱ መመርመርን በመረጥህ ጊዜ «ፈጣሪ የባረከውን ልትጠረጥር ነውን?» ብዬ ደጄን የዘጋሁብህ እኔ ነበርሁ፤ አራት ዓመት ሙሉም እናትህ ስታነጋግርህ እየሰማሁ ስልኩን አልተቀበልኋትም። ዛሬ ግን ይህን ደብዳቤ በአውሮፕላን በሚያደርስልህ በሸዋአየሁ ልጅ በበላቸው እጅ አንድ ጠርሙስ የቧንቧ ውኃ ልኬልሃለሁ። ያን የነቀፍሁትን ጥበብህን አውጣና በውስጡ ያለውን ንገረን፤ መንደሩ ሁሉ እያዘቀጠ ይጠጣዋልና። የደብዳቤው ቀለም ወይቦ ብታገኘውም እጄ ሰንፎ እንዳይመስልህ፤ በቧንቧው ውኃ የበጠበጥሁት ነው። የጋኑን ከእንግዲህ ለቀለም አልነካውም።

ትናንት እናትህ ሸዋአየሁን ጠርታ ነጩን ቀሚሷን ከሣጥን እንድታወጣላት፥ አጥባም በቅርብ እንድታኖርላት አዘዘቻት። ለትንሣኤ ነው ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ፤ ትንሣኤ ግን ገና አራት ሳምንት ይቀረዋል።

ስለዚህ ልጄ፥ ውጤቱን በወረቀት አትላክልኝ፤ ራስህ ና። ደጁ ክፍት ነው። በአየር የሚያጓጉዝህ ክንፍ አይዛል፥ ከጎንደር ደጅ የሚቀበልህ መልአክም አይዘግይብህ። ለእናትህ ለትንሣኤ ብለህ ልብስ እንዳትገዛ።

ውኃ ይዘህ ና።

የበደለህና የሚናፍቅህ አባትህ
መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ