ነጠላዬን አላወልቅም

ሉባባዬ፣ ለንደን ከአምናው የባቡር ፍንዳታ ወዲህ በርግጋለች። አውቶቡስ ውስጥ ሂጃብ ከለበሰች ተማሪ ጎን ተቀምጬ ሳለ አንድ ጎልማሳ ነጠላዬን አይቶ ጮኸብን።

«‹እናንተ እስላሞች፣ አውልቁ ወይም ውረዱ› ነው የሚለው» አለችኝ አብራኝ የነበረችው ልጄ ቲጂ። «እማዬ፣ ማተብሽን አሳዪውና ይተውሽ።»

«ይቺን ተማሪስ ማን ይተዋታል? ማተቤ የአውቶቡስ ቲኬት አይደለም!» ብዬ ይበልጥ ተከናነብኩና ወደ ተማሪዋ ተጠጋሁ።

ደሴ ለኢድ ስትጠሪኝ እኔ የምበላውን በግ በክርስቲያን እጅ ታሳርጂልኝ ነበር፤ እዚህ ማን ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ ይሳደባሉ።

ሰውየው እያጉረመረመ ወረደ። ተማሪዋ እጄን ይዛ «አሰላሙ አለይኩም» ስትለኝ «ወአለይኩም ሰላም» አልኳት። የተማረችው ልጄ አኮረፈች፤ ታኩርፍ!

ሰይድንና የልጅ ልጆችሽን ሳሚልኝ። ይህን ካርድ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ቲጂን አላስነካኋትም።

አልታየሽ