የአደጋ ጊዜ መውጫችንን ቁልፍ በኪሳቸው ለያዙት ዲን

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ አካልዎ፣ በተለይም ለሳንባዎ ጤንነትን እመኛለሁ። የእኛ ሳንባ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ እየተሻለው ነው፤ ሳሉ ትንሽ አላስተኛ አለን እንጂ ሌላው ተመስገን ነው። እርስዎ በዕለቱ ስለ አየር ማረፊያዎች ደኅንነት በሚመክር ጉባኤ ላይ ንግግር ለማድረግ ሄደው ስለነበር ጭሱ አላገኘዎትም፤ እንኳንም አላገኘዎት።

እኔ የኤርፖርት ፕላንና ኦፕሬሽን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ቢያንስ እስከ ሐሙስ። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቦ ልባረር ወይስ ልመረቅ የሚለውን ይወስናል። ክሱ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ሰብረሻል፣ ፈተና አውከሻል፣ ለኮሌጁ በስጦታ የተበረከተ አውሮፕላን ሰባብረሻል የሚል ሲሆን፣ ሳልዋሽ ሦስቱንም አድርጌያለሁ። ሆኖም ወደ ቤታችን የደወሉት የቢሮዎ ሠራተኛ ልጅዎ አውሮፕላን ሰብራለች ብለው ለእናቴ ሲነግሯት፣ መስተዋት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ሞዴል መሆኑን መጨመር ዘነጉ። ልብስ ሰፊዋ እናቴ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ ኮሌጁ ግቢ ድረስ እየሮጠች መጥታ፣ በቁሜ ስታገኘኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ከመንገደኞቹ የተረፈ ሰው መኖሩን ነው። ጎረቤቶቻችንም እስከ ዛሬ መቼ አብራሪ ሆነች እያሉ ይጠያየቃሉ። ጉዳዩን በይፋ መጻፍ ያስፈለገኝ እንግዲህ ለዚህ ነው፤ አቤቱታዬንም እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ የመለማመጃ ተርሚናላችን፣ እውነት ለመናገር፣ የኮሌጁ ኩራት ነው። የመንገደኛ መመዝገቢያ ባንኮኒ አለው፣ ሻንጣ የሚወስድ ቀበቶ አለው፣ የብረት ጋሪዎች አሉት፣ በግድግዳው ላይም በአረንጓዴ ቀስት ሁለት መውጫዎች የሚያሳይ ካርታ ተሰቅሏል። ከሁለቱ አንዱ፣ የአደጋ ጊዜ መውጫው፣ አምና ወንበሮች በመጥፋታቸው በእርስዎ ትእዛዝ በሰንሰለት ተቆለፈ፤ ቁልፉም፣ ጥበቃውም መምህራኑም አይታመኑም ተብሎ፣ ወደ ኪስዎ ገባ። ኪስዎ አገር አቋርጦ ሲሄድ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል። ይህ ሳያንስ ያ የስጦታ አውሮፕላን ከነሳጥኑ በሩ ሥር ተተከለ፤ እንግዳ ሲገባ ፊት ለፊት የሚታየው እሱ ነው አሉ። የክፍላችን ተጠሪ ስንት ጊዜ አቤት ቢል ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውታል። የሆነው ሆኖ ከዚያ ወዲህ አንድም ወንበር አልጠፋብንምና እናመሰግናለን። ልንጠፋ የነበረው እኛ ነን።

፪ኛ/ የዕለቱ ፈተና ተርሚናል ማስለቀቅ ይባላል። እኛ የተርሚናል ሠራተኞች፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ መንገደኞች ይሆናሉ፤ ለመንገደኞቹም ፈተና እንዲያከብዱብን ሚና ይታደላቸዋል። አንዱ ሻንጣዬን ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም ብሎ ይጨቃጨቃል፣ አንዷ ልጇ ይጠፋባታል፣ አንዷ ደግሞ ባንኮኒው አጠገብ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ይህቺ የመጨረሻዋ ሚና ከቁመቷ የተነሳ ሚጢጢ ለምንላት ልጅ ደረሰች። ፈተናው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ፣ ዋናው በር አጠገብ ያለው የሻንጣ ቀበቶ ሞተር እውነተኛ ጭስ መትፋት ጀመረ። ፈታኙ መምህራችን እኛ ያቀነባበርነው መስሏቸው፣ በማስተማር ዘመናቸው እንዲህ ያለ ዝግጅት አይተው እንደማያውቁ ገልጸው ነጥብ ጨመሩልን። እኛ ደግሞ እሳቸው ያዘጋጁት መስሎን፣ ነጥቡ እንዳይቀርብን ይበልጥ ተጋን። የሚያስለው ሁሉ ሚናውን የሚጫወት መሰለን፤ ዓይናችን እያለቀሰ እንኳ ጎበዝ እንባባል ነበር። ዋናው በር በጭስ ተሸፍኖ ሳይታይ ሲቀር ሚጢጢ ወደቀች፣ አዳራሹም አጨበጨበላት።

በሞቴ ክቡር ዲን፣ ያንን ጭብጨባ ይስሙልኝ፤ እኔ እስካሁን እየሰማሁት ነው።

ግራ የገባኝ የወደቀችበት ቦታ ነው። መውደቅ የነበረባት ባንኮኒው አጠገብ ሆኖ ሳለ፣ እሷ ግን በትንሽነቷ በአውሮፕላንዎ ሳጥንና በግድግዳው መካከል ሾልካ ገብታ፣ በተቆለፈው በር ሥር፣ ሰንሰለቱን በእጇ እንደያዘች ተዘርግታ ነበር። ስሟን ጠርቼ ብጮህ አልሰማችም። ሳጥኑን ገፍቼ ጣልኩት፤ አዎ፣ ሆን ብዬ ነው። ልጅቷን ጎትተን ካነሳናት በኋላ የብረት ጋሪውን እያንደረደርኩ በሩ ከነማጠፊያው እስኪነቀል ድረስ መታሁት። ሁሉም ሰው በዚያ በር ወጣ፣ መምህራችንም እርሳሳቸውን እንደያዙ አብረውን ወጡ።

፫ኛ/ በፈተናው ወድቀሻል ተብያለሁ። የተሰጠው ምክንያት በካርታው ላይ የተመለከተውን መውጫ በአግባቡ ከፍታ አልተጠቀመችም የሚል ነው። ስለዚህ ምክንያት አስተያየት የለኝም፤ ለመሳቅም ለማልቀስም ገና ስላልወሰንኩ ነው።

፬ኛ/ ባለፈው ዓርብ ቢሮዎ ድረስ ጠርተው፣ ወንበር ስበው አስቀምጠው፣ እንደ አባት ስለመከሩኝ ውለታዎን አልረሳም። በሩ ክፍት እንደነበር፣ ሚጢጢም የተሰጣትን ሚና እየተጫወተች እንደነበር፣ እኔ ግን በድንጋጤ ያገኘሁትን ሁሉ እንደሰባበርኩ የሚገልጽ የይቅርታ ጽሑፍ ላይ ብፈርም ክሱ ውሃ እንደሚበላው አረጋገጡልኝ። እንዲህ ያለ ምሕረት ለማንም አይሰጥምና እጅ ነስቼ ወጣሁ። እናቴም ነገሩን ስትሰማ ፈርሚና ተገላገይ ብላ ያዘችኝ። የምረቃ ልብሴን ሰፍታ ጨርሳ፣ ተኩሳ፣ የደንበኞቿን ልብስ አስወግዳ ከመደብሩ መስቀያ ላይ ብቻውን ሰቅላው ስለነበር አልፈረድኩባትም። በማግስቱ ግን ሚጢጢን ልትጠይቅ ሆስፒታል ሄደች። ልጅቷ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ እንደተሰካ ቀና ብላ፣ ማዘር፣ እኔ እኮ ስወድቅ እየተጫወትኩ አልነበረም ብላቸው ማንም አላመነኝም አለቻት። እናቴ ተመልሳ መጥታ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፣ መኪናውን ግን አላስነሳችውም። ፈርሚ የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ክቡር ዲን፣ እኔ ጀግና አይደለሁም። መባረርን እፈራለሁ፤ ያ የተሰቀለ ልብስ ባለቤት አልባ ሆኖ እንዳይቀርም ይጨንቀኛል። ነገር ግን በዚህ ኮሌጅ ያስተማሩኝ አንድ ነገር ቢኖር ሰው ከሕንፃ የሚወጣው በካርታ ላይ በተሳለ በር ሳይሆን በሚከፈት በር መሆኑን ነው፤ ይህንንም ያስተማሩን፣ የመጀመሪያ ዓመት መግቢያ ኮርሳችንን የሰጡን፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ትምህርቱ ገብቶኛል። ስለዚህ አልፈርምም።

ለሰጡኝ ዕውቀት፣ ለነፈጉኝ ቁልፍና ላደረጉልኝ አባታዊ ምክር ያለኝን ወደር የለሽ አክብሮት፣ በሳል መሀል በተረፈችኝ ድምፅ እየገለጽኩ፣ ፈጣሪ ዕድሜዎን እንዲያረዝመው የምመኝልዎ፣

እስከ ሐሙስ ተማሪዎ የሆንኩ፣
ባለ ጋሪዋ

ማስታወሻ፦ የኮሚቴው ስብሰባ ሰፊ ቦታ በማስፈለጉ በዚያው በመለማመጃ ተርሚናል እንደሚካሄድ፣ በሩም በአዲስ እንደተተካና አዲሱ ሰንሰለት ከድሮው እንደሚወፍር ሰማሁ። እባክዎ ሐሙስ ከቤት ሲወጡ ቁልፉ መኖሩን ኪስዎን ዳሰስ ያድርጉ። ቢረሱትም ግን አይስጉ፤ የምቀመጠው ጋሪው አጠገብ ነው።