ለእጅሽ የሚሆን ውኃ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፤
ደቅ

እማየ፣ እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጪ ዛሬም ከመንገዱ መሀል እያረፍሽ ነው የምትሄጂው? አጎቴ መሪጌታስ እንዴት ናቸው? ጽጌው ስለሆነ መቼም ቤት የሚያገኛቸው የለም፤ ድምፃቸው እስኪዘጋ ማኅሌት ቆመው ነው የሚያድሩ። ሎሚዋስ አፈራች? አንቺ የተከልሻት እንደሆነች አላፈራም ለማለት አትደፍርም። ከዚህ ከባሕር ዳር ሐይቁ ከክረምቱ ወዲህ ሞልቶ ደንገሉን ውጦታል፤ ድሮ ልብስ የምናሰጣባቸው ድንጋዮች እንኳ አይታዩም። እኔስ እንዴት ነኝ? እሱን ወደ ታች ትደርሽበታለሽ፣ አትቸኩይ።

ምነው በስልክ አልተናገረችም ትይ ይሆናል። ደውየስ! "እንዴት ነሽ?" አልሁሽ፤ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በይ ካርድሽ እንዳያልቅ" ብለሽ ጆሮየ ላይ ዘጋሽው። ሁልጊዜ እንዲሁ ነሽ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ጀልባ ነጂው ገድሉ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምየዋለሁ፤ ስለዚህ አረፍ በይና፣ መነጽርሽን አድርገሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ወሬው ይኸውልሽ። ሆስፒታላችን ስለ ሠራተኛው የአእምሮ ጤና ማሰብ ጀመረ። ወይ ጉድ በይ! በአንቺ ዘመን ነርስ አእምሮ እንዳላት ማን ያውቅ ነበር? እግር ብቻ ያላት ነበር እንጂ የምትመስላቸው! አሁን ወንጌላዊት የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ተቀጠረችልን፤ ከሐዋሳ የመጣች ወጣት ናት፣ ቅን ልጅ ናት። ክፍል ተሰጣት፣ ለስላሳ ወንበር ገባላት፣ መጋረጃ ተሰቀለላት፣ በሩም ላይ "የሠራተኞች የምክር አገልግሎት" ተብሎ በትልቁ ተጻፈ። ሁሉም አማረ። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ በሩ የሚከፈተው የበሽተኛ ካርድ ከሚወጣበት መስኮት ፊት ለፊት ነው። እስቲ አንቺው ፍረጂ፤ ግማሽ ባሕር ዳር ተሰልፎ እያየ ያን በር ማን ያንኳኳል? በማግሥቱ "እከሊትን ነካ አደረጋት" ተብሎ ይወራ እንደሆነ ነው እንጂ! በስንት ጊዜ የገባ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሽንት ቤት መስሎት የገባ የመራዊ ገበሬ ነው። ወንጌላዊት ግን አስቀምጣ አነጋገረችውና ሲወጣ ቀለል ብሎት ወጣ አሉ።

ባምላክን አታውቂውም፤ አንቺ በጡረታ ከወጣሽ በኋላ እኔ በምመራው ክፍል የተቀጠረ ነርስ ነው። የመራዊ ልጅ፣ ዲያቆን የነበረ። ጉሉኮስ ሲሰቅል እንኳ ዜማ ከአፉ አይጠፋም ነበር፤ በሽተኞቹ "እስቲ ያን ቄስ ጥሩልን" እያሉ ያስቸግሩናል። በነሐሴ ከቁንዝላ አንዲት ትንሽ ልጅ መጣችብን፤ አደይ ነበር ስሟ። የሳንባ ምች ነው። መንገዱ በጭቃ ተቆርጦ፣ ማዕበሉ እስኪበርድ ተጠብቆ፣ በጀልባ እስኪያመጧት ድረስ ብዙ ዘግይታለች። ተረኞቹ እኔና እሱ ነበርን። የባምላክን ጣት ይዛ "ያን ድገምልኝ" ትለው ነበር፤ እሱም በቀስታ ያዜምላታል። የምንችለውን ሁሉ አደረግን፤ አልሆነም። እናቷን ደግፈን አወጣን፣ አልጋውን እንደገና አነጠፍን፣ ሌላ በሽተኛ ገባበት። እንዲህ ነው መቼም ሥራው፣ ታውቂዋለሽ።

ከዚያ ወዲህ የባምላክ ዜማ ቆመ። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ቆይቶ ማርፈድ አመጣ፤ ቀጥሎም መቅረት። ሲመጣም ያች አልጋ ዘንድ ይደርስና ምንም ሳይሠራ ይመለሳል። "ምን ሆነሃል?" ስለው "ደህና ነኝ ሲስተር" ይለኛል። የአንቺን ደህና ነኝ ነው እማየ፣ ቁርጥ አንቺን! ሥራ አስኪያጁ ማስጠንቀቂያ እሰጠዋለሁ ሲሉ እሱ ቀድሞ የሥራ መልቀቂያውን ይዞልኝ መጣ። መራዊ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ብቻውን ሲቀመጥ ታየኝና ፈራሁ፤ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ለነፍሱ ፈራሁለት። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ እስከ ሰኞ ታገሠኝ አልሁት።

ወደ ቤት ስሄድ በሐይቁ ዳር አለፍሁና አንቺ ትዝ አልሽኝ። ያች ቢጫ የምሳ ዕቃየ ትዝ ትልሻለች? ክዳኗ ላይ ዳክየ ያለባት? አባየ ነበር የገዛልኝ። ጠዋት ጠዋት ከእጄ ትነጥቂኝና "ዛሬ ለሥራ ትፈለጋለች" ትይኝ ነበር። እኔ ዳቦየን በፌስታል ቋጥሬ እየተነፋረቅሁ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ አንቺ ስመጣ ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ ከዋንዛው ሥር፣ ፊታችሁን ወደ ሐይቁ አዙራችሁ ተቀምጣችሁ አገኛችኋለሁ። አንቺ ሰማያዊዋን ማንቆርቆሪያ ይዘሻል፤ በዕለቱ በሽተኛ የሞተባት ነርስ እጇን ዘርግታለች። "ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ታጥቦ፣ ንፍሮ ቀምሶ ነው ከሰው የሚቀላቀል። እናንተ ስንቱን እየሸኛችሁ እንዲሁ ከአልጋ ወደ አልጋ ትዘላላችሁ፤ ኀዘኑ ወዴት ይሂድ?" ትያቸው ነበር። ከዚያ የእኔ የምሳ ዕቃ ይከፈታል፤ ስንዴና ሽምብራ፣ ለሰው አንዳንድ እፍኝ። ማልቀስ የፈለገች ታለቅሳለች፤ ዝም ማለት የፈለገችም ዝም ትላለች። ምክር የሚሰጥ የለም። ሲበቃ "በይ ተነሽ፣ ሥራ አለ" ትያለሽ፤ ያችም ነጠላዋን አራግፋ ትነሣለች።

እንዴት ያለ ጊዜ ነበር እማየ! አባየ ከቁንዝላ ጀልባውን ይዞ ሲመለስ፣ ቀረሶ ዓሣውን በደንገል ሰክቶ አንጠልጥሎ በጓሮው በር ብቅ ይልና "እነዚህ ሴቶች ዛሬም ተቀመጡ? በሽተኛውን ማን ያክመዋል?" እያለ ይቀልድባችሁ ነበር። አንቺ ደግሞ "አንተ ዓሣህን አክም" ትይዋለሽ። ሦስታችን በሐይቁ ዳር ቤታችን እንሄዳለን፤ እሱ ምሳ ዕቃየን ይይዝልኛል፣ እኔ ከታች የቀረውን ሽምብራ በጣቴ እለቅማለሁ። ለቅሶ መሆኑን የት አውቄ! ለእኔ መክሰስ ነበር። ያ ጊዜ ናፈቀኝ።

እናም እሑድ ንፍሮ ቀቀልሁ። ጉዱን ስሚ እንግዲህ። ሰኞ በትልቅ ሳህን ሞልቼ፣ ክዳን እንኳ ሳላደርግበት፣ ልጅሽ ሰተት ብየ በሽተኞቹ መሀል ገባሁልሽ! የብርጓል የምትባል ወንድሟን የምታስታምም ሴትዮ ንፍሮውን ስታይ ክው አለች። ከዚያ "ወንድሜን! ወንድሜን!" ብላ ደረቷን ትደቃ ጀመር። የአስታማሚው ሁሉ ዋይታ ተከተላት። ወንድምየው ከእንቅልፉ ባንኖ ቀና አለና "ማን ነው የሞተው?" ብሎ ጠየቀ፤ ማን ደፍሮ "አንተ" ይበለው! ለካ አንቺ በዳክየዋ ምሳ ዕቃ የምትደብቂው ለዚህ ኖሯል! ስንት ዓመት ዳቦ በፌስታል የበላሁት በከንቱ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝና ሆስፒታሉን ለቅሶ ቤት አደረግሽው ብለው ተቆጡ። ጠባየን ታውቂዋለሽ፣ አላስቻለኝም፤ "ዱሮስ ለቅሶ ቤት አይደለም ወይ? ልዩነቱ እኛ እንዳናለቅስ መከልከላችን ነው" አልኋቸው። ወንጌላዊት እዚያው ተቀምጣ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ንገሪኝ አለችኝ፤ የአንቺን ነገር ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ስለ እኔ ተከራከረችልኝ። "በሽተኛ የሞተበት ነርስ ሥራውን ሌላ ሰው ይዞለት ለጥቂት ጊዜ ይውጣ፤ እኔም ወንበሬን ከዋንዛው ሥር አወጣለሁ፤ መናገር የፈለገ ይናገረኝ፣ ያልፈለገም ሐይቁን ይይ" አለች። ሥራ አስኪያጁ ምግብ በበሽተኛ ክፍል አይገባም ብለው ቢያንገራግሩም "ጓሮ ነው፣ ደግሞም እጅ መታጠብን የሚከለክል ሆስፒታል አላየሁም" ስላቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። ፈቀዱ።

ባምላክን ከዋንዛው ሥር ወሰድሁት። ያችን ሰማያዊ ማንቆርቆሪያሽን ሲያይ "ምን ነካሽ ሲስተር?" ብሎ ሳቀብኝ። ዘርጋ አልሁት፤ ዘረጋ። ውኃው እጁ ላይ ሲፈስ ሳቁ ወዴት እንደገባ እንጃ፤ "አደይ" አለ፣ ስሟን ብቻ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከነሐሴ ጀምሮ ስሟን አፉ ላይ አላመጣውም ነበር። ንፍሮውን በላ። ሲጨርስ ማንቆርቆሪያዋን ከእጄ ሊቀበለኝ እየሞከረ "አንቺም እኮ ነበርሽ ሲስተር" አለኝ። እኔ ግን "ተወው፣ ደህና ነኝ፣ በሽተኛ ይጠብቀኛል" ብየው ገባሁ።

መልቀቂያውን መልሶ ወሰደ። ወንጌላዊት ጋ መመላለስ ጀምሯል፤ ፈቃድ ተሰጥቶት ጥቂት ዐርፎ መጣና ለጊዜው ከእኛ ክፍል ወጥቶ ሕፃናት ክትባት ላይ ነው የሚሠራው። ድኗል አልልሽም፤ ዜማውም ገና ነው። ባለፈው ዓርብ ግን ሲያንጎራጉር ሰማሁትና እንዳላሳፍረው ብየ ከበሩ ተመለስሁ።

አሁን ደብዳቤውን ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። ትናንት በሙሉነሽ ተራ አንድ ሽማግሌ ዐረፉ። ሙሉነሽን መቼም አትረሻትም፣ የዘመናት ጓደኛሽ፤ ጡረታዋ ደርሷል። ከዋንዛው ሥር ውኃ አፈሰስሁላት። እጇን እንደዘረጋች "ለእናትሽስ ማን አፈሰሰላት?" አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው አልኋት። አለማወቄ ገርሟት ተናገረች።

አባየ የሞተ ዕለት እኔ ጎንደር ትምህርት ላይ ነበርሁ። ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። ሲሞት አጠገቡ እንደነበርሽ ነገሩኝ፤ እኔም እንደ ሚስት መስሎኝ ነበር። ለካ ነጭ ጋውንሽን ለብሰሽ፣ ተረኛ ሆነሽ ነበር! ድንገት ታሞ ከጀልባው እንዳወረዱት ይዘውት የገቡት አንቺ ወዳለሽበት ክፍል ኖሯል። ዓይኑን ራስሽ ከደንሽ፤ አንሶላውንም ራስሽ አለበስሽ። የጎረቤቱ አልጋ ጉሉኮስ ሊያልቅ ሲል ሄደሽ ቀየርሽ። ተቀያሪሽ እስክትመጣ ድረስም ለሌሎቹ መድኃኒት አደልሽ። ሙሉነሽ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ስትመጣ "እኔ ደህና ነኝ፣ ለልጆቹ ነርሶች አቆዪላቸው" አልሻት። እማየ! እንዴት ቻልሽው? እንዴትስ አንጀትሽ ቻለው?

ቤታችን ስንት ለቀስተኛ መጣ! ለአባየ ለአንዳርጋቸው ሚስት አገር አለቀሰላት። ለነርሷ ግን ማንም ውኃ አላፈሰሰላትም። አርባው ሳይወጣ ሥራ ገባሽ፤ ጡረታ እስክትወጪም ለሰው ስታፈስሺ ኖርሽ። ከዚያ ወደ ደሴቱ፣ ወደ ደቅ ገባሽ፤ "የከተማው ሙቀት አይስማማኝም" እያልሽ ይኸው አንድ ቀን እንኳ ተመልሰሽ ባሕር ዳርን አልረገጥሽ። አጎቴ መሪጌታ ጧፍ ሊገዙ የመጡ ጊዜ "እናትሽ ሌሊት እየተነሣች የቤተሰቡን ትንፋሽ ታዳምጣለች፣ እርጅና መጥቶባታል" ብለውኝ ስቀን ነበር። አሁን ሳስበው አላሳቀኝም። አንቺ እኮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራሽ አላለቀም! ተቀያሪሽ አልመጣችም።

ስለዚህ በሚመጣው እሑድ በገድሉ ጀልባ እመጣለሁ። ሰማያዊዋን ማንቆርቆሪያ ይዣለሁ። ዳክየዋም ከሙሉነሽ ቁም ሣጥን ተገኘች፤ ቀለሟ ተላጠ እንጂ ክዳኗ ዛሬም ይገጥማል። በሞቴ ዓሣ አስጠብሳለሁ፣ ቤት አስጠርጋለሁ ብለሽ እንዳትደክሚ። ጥያቄም አልጠይቅሽም፤ ካላሰኘሽ ስለ አባየ አታንሽልኝ። ጀልባው ከሚቆምበት ከሾላው ሥር ጠብቂኝና እጅሽን ብቻ ዘርጊልኝ።

ከላይ እኔስ እንዴት ነኝ የሚለውን ዘልየው ነበር፤ አልረሳሁትም። ለአንቺ አፍስሼልሽ ስጨርስ ማንቆርቆሪያዋን ከእጄ ተቀበይኝ። ውኃው ካነሰ ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ደግመን እንቀዳለን።

የናርጋ ሥላሴ ጉልበትሽን ያጽኑልሽ፤ ሌሊትሽን የዕረፍት ያድርጉልሽ። ለአጎቴ መሪጌታ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ በጸሎታቸውም ያስቡን። የአባየን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑሩልን።

እጆችሽን አገላብጣ የምትስም
ልጅሽ