የእመቤት ሳል

ጥር 9
ባዝራችን እመቤት ዛሬም ስትስል ዋለች። ሐኪሙ አስም ነው አለ። ከድርቆሹ የሚነሳው አቧራ ሳንባዋን ያስቆጣዋል፤ የተቆጣ ሳንባ ደግሞ ከውስጥ እንደ ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱን የሚከላከልላት ቫይታሚንም ከሰውነቷ አልቋል... "ቫይታሚን ኢ እና ሲ ስጧት። አቧራው ካልቀረ ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።" ድርቆሹም ተነክሮ ይሰጣት አለ። ጋጣው የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ነው። ይህን ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ። የጠዋቱን እኔ ልነክር፣ የማታውን እሱ፤ በግድ ተስማማ።

ጥር 28
የቫይታሚኑን ዱቄት ከመኖዋ ጋር እያሸሁ ስሰጣት ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። ደሟ ተመረመረ፤ ቫይታሚኑ ሞልቷል። ሳሉ ግን ባሰበት። ለምን? ጋሼ ነዋ! ሰንፎ ደረቁን ይወረውርላታል። ሌላ ማን ይሆናል?

የካቲት 3
ጋጣችን ግልቢያ ሊማሩ በመጡ ሰዎች ፊት ጋሼ ላይ ጮህኩበት። "አንተ ነህ የምትገላት!" እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ቀዝቃዛ ውሃ የሰነጣጠቀው እጅ። "በየማታው እነክራለሁ፣ እህቴ።" አላመንኩትም።

የካቲት 8
ሐኪሙ ሳይነግረን ማለዳ መጣ። የጋጣውን መተላለፊያ እየጠረግኩ ነበር። ፈረሶቹ ሁሉ በየክፍላቸው። ወለሉ ደረቅ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የጠረግኩት፤ "የአንቺ ጋጣ ከሰው ቤት ይጸዳል" እየተባልኩ። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። አቧራው እመቤት አፍንጫ ድረስ ይጨሳል።
"በየቀኑ ነው?"
"በቀን ሁለቴ!" አልኩት። እየኮራሁ... ምነው አፌ በተያዘ።
"ፈረሶቹ ሳይወጡ አይጠረግም እኮ። ለዚያውም ውሃ ሳይረጭ።"
የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እኔ ነኝ። ጋሼ ሰማ። የመንከሪያውን ባልዲ አንስቶ ውሃ ሊቀዳ ሄደ። ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ! ቢሰድበኝ ምን ነበረበት?

የካቲት 10
ጋሼ እመቤትን ሰፊ ሜዳ ላለው ሰውዬ ሰጣት። ሳንባዋ ተጎድቷል፤ ከእንግዲህ ጣሪያ ሥር አትዋል ተብሏል። መኪና ላይ ስትጫን ጓሮ ተደብቄ አለቀስኩ።

መጋቢት 15
ጋሼ ሊያያት ሄዶ መጣ። እየጋጠች ነው፣ ሳሉ ጠፍቷል አለ። "እሁድ አብረን እንሂድ፣ ደስ ይላታል።" እሺ አልኩት። እንደማልሄድ ያውቃል። ደስ ብሎኛል፣ ውሸት የለውም... ግን ይመራል። አሥራ አንድ ዓመት ተንከባክቤያት፣ የዳነችው ከእኔ ስትርቅ ነው።