ሊዲ ሳትጠየቅ ትቻለሁ አልልም

ለተከበሩት አባቴ ለአቶ ሰብስቤ
ሞላሌ

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ዳገቱ ያስቸግርዎታል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ አሁንስ ተሻለዎ? የእማዬ ዓይንስ? ጠብታውን ሳታቋርጥ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ ተሽሎኛል ብላ ጥላዋለች? በጎቹስ ብርዱን እንዴት ቻሉት? እኔም፣ ሊዲም፣ ባለቤቴ ቶሌራም እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። አዳማ እንደሚያውቋት ናት፤ በዚህ በግንቦት ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ አይቻልም።

አባባ፣ ባለፈው እሑድ በስልክ የተቆጡኝን ሰምቻለሁ። የአገርዎ ልጅ ጋሽ ማስረሻ ከዚህ ደውለው ልጅህ ሽማግሌ አሳፈረች ብለው ከስሰውኛል። እኔ ላስረዳ ስጀምር እርስዎ «ተይ ልጄ፣ ተይው» እያሉ ሦስት ጊዜ አቋረጡኝ። ወረቀት አያቋርጥም። ስለዚህ መነጽርዎን ያድርጉና፣ ለማንም ሳያስነብቡ፣ ራስዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ሚያዝያ ላይ ሊዲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዩኒፎርም ሹራቧን አላወልቅም አለች። ላቡ በአንገቷ እየወረደ «በርዶኛል» ትለኛለች። በአዳማ ሙቀት! በግድ ሳወልቅላት ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ የጥርስ ምልክት ነው። አንዳንዱ ጠቁሯል፣ አንዱ መግል ይዟል። ማናት ብላት አንድ ዴስክ ላይ አብራት የምትቀመጠው ልጅ ናት። እርሳስሽን አምጪ፣ ዳቦሽን አምጪ ትላታለች፤ እምቢ ስትላት ትነክሳታለች።

ያኔ እኔ ምን አልኩ መሰለዎ? «ምን አድርገሻት ነው?» አልኳት። ልጄ ዓይን ዓይኔን አይታ ሹራቧን መልሳ ለበሰች። ሌሊቱን ሳስበው ከወር በፊትም ነከሰችኝ ብላኝ ነበር፤ ያን ጊዜም በዚሁ ጥያቄ አፏን አዘግቻታለሁ። ሹራቡን ያስለበስኳት እኔ ነኝ ማለት ነው። ይህን ለቶሌራ እንኳ አልነገርኩትም፣ ለእርስዎ ግን እነግርዎታለሁ።

በማግስቱ ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ርእሰ መምህሩ ልጆች ናቸው፣ ይጫወታሉ አሉኝ። ክንዷን ገልጬ ሳሳያቸው ሊዲን ወደ ከሰዓት ፈረቃ እናዛውራት አሉ። ለምን እሷ? የልጅቷ አባት አቶ ሰይፈሚካኤል የወላጅ ኮሚቴ አባል ናቸዋ! በዚያ ላይ የእኛ አከራይ ናቸው። እንግዲህ ጋሽ ማስረሻ ለምን ያን ያህል እንደተጣደፉ ይገባዎታል። እኔም ዓይኗን በጨው የታጠበች ይበሉኝ ብዬ፣ የተነከሰችው ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም አልኩ። ማመልከቻ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገባሁ፣ የቀን ፈረቃዬን በማታ ተለዋውጬ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። የሚያየኝ ሁሉ ምን ሆና ነው ይላል፤ ይበል። በአራተኛው ቀን አስተማሪዋ መምህርት ኢፍቱ ያችን ልጅ ከራሷ ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጠቻትና ወደ እኔ መጥታ፣ ቀድሜ ማየት ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው አለችኝ። ከትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። መንከሱም ከዚያ ቀን ወዲህ ቆመ።

ጎረቤቴ ሱሃይላማ መልሳ ትንከሳት ብላ ስትመክረኝ ነበር። ሊዲ የፊት ጥርሶቿ ሁለቱም ወልቀዋል፣ በምኗ ትንከስ? ተሳሳቅን። ጥርስ ቢኖራትም አልፈቅድላትም ነበር። የዚያችን ልጅ ስም እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው። እሷም የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ስታድግ በዚህ ነገር እንድትታወቅ አልፈልግም።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። ጋሽ ማስረሻ፣ የእድራችን ሊቀ መንበርና አቶ ሰይፈሚካኤል ራሳቸው፣ በግንቦት የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ከሱሃይላ ወንበር ተውሼ በክብር አስቀመጥኳቸው። ማመልከቻሽን አንሺ፣ ትቻለሁ በይ፣ ከአቶ ሰይፈሚካኤል ጋር ተሳሳሙና ይለቅ አሉኝ። እኔም የተነከሰው የእኔ ክንድ አይደለም፣ ባለቤቷን ጠይቁ ብዬ ሊዲን ጠራኋት። ሊቀ መንበሩ ሽማግሌ በተቀመጠበት ሕፃን ምን ልታደርግ ነው ብለው ሊነሱ ሲሉ ጋሽ ማስረሻ ያዟቸው። ከዚያ ጋሽ ማስረሻ እየሳቁ «የኔ ልጅ፣ ጓደኛሽን ይቅር ብለሻታል አይደል?» አሏት። ሊዲ በሩን ተደግፋ «አላልኳትም» አለች። ለምን ቢሏት «እሷ ምንም አላለችኝማ» አለች። አባባ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲሰበሰብ ያችን ልጅ ይዞ መምጣት ለማንም ትዝ አላለውም። እኔም ሰምታችኋል፣ ሊዲ እስክትተው ማመልከቻው አይነሳም አልኩ። ጋሽ ማስረሻ አሳፈረች ያሉት ይህንን ነው።

ማክሰኞ አቶ ሰይፈሚካኤል ቤቱን ለዘመድ እፈልገዋለሁ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁ ብለው ላኩብን። ቶሌራ ከጅቡቲ መንገድ ሲመለስ ነገርኩት። ቤት እንለቃለን እንጂ ልጃችንን ከትምህርት ቤቷ አናስለቅቅም አለና ዕቃችንን ለመጫን የጓደኛውን አይሱዙ ለመነ። አዲሱ ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ ውኃውም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው። ከትምህርት ቤቱ ይርቃል፤ ከሊዲ ጋር በጠዋት ተነስተን በእግራችን እንሄዳለን። አንድም ነገር አልቆጨኝም።

አሁን ለእርስዎ የምለው አለኝ። ስምንት ዓመቴ ሳለ የጎረቤታችን ልጅ ግንባሬን በድንጋይ ፈነከተኝ፤ ጠባሳው እስካሁን ከቅንድቤ በላይ አለ። ሽማግሌ መጣ። እርስዎ ብድግ ብለው ትቻለሁ አሉ፣ ተሳሳማችሁ፣ አገሩ ሁሉ እንዴት ያለ ሰው ነው ብሎ አመሰገነዎ። እኔ ጭንቅላቴ በነጠላ ታስሮ ከበሩ ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንዙ ጋ እየጠበቀ ድንጋይ እያሳየ አስፈራራኝ። ታርቃችኋል ተብሏል፣ ለማን እናገራለሁ? ውኃ ለመቅዳት በላይ በኩል ዞሬ ስሄድ ለምን ዘገየሽ ብለው የሚቆጡኝ እርስዎ ነበሩ። አባባ፣ እወድዎታለሁ፣ አከብርዎታለሁም፤ በልጄ ግን ይህ አይደገምም።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፣ ጠብታዋን እንዳታቋርጥ። ወንድሜን ሰላም ይበሉልኝ፣ አዲስ ልጅ ለወለደችው ባለቤቱም እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልኝ። አክስቴን ኮከብን፣ ቄሱን አባታችንን፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ያለውን ጎረቤት ሁሉ በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። ሊዲ አያቷን ትስማለች፣ ግልገሉን እንዳትሸጡብኝ ብላለች።

ለፍልሰታ ሦስታችንም እንመጣለን። ያኔ አጠገቤ ቁጭ ይበሉና ያን የግንባርሽን ነገር ትተሽዋል ወይ ብለው ይጠይቁኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ልጅዎ ሸዋወርቅ ሰብስቤ
አዳማ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.