በቀኝ ጆሮዬ ጥፋት የተፈረደበት የእንጨት ኤርፎን

ለተከበሩ አቶ ዋቅሹማ ፉፋ
የእጅ ፈጠራ ውጤቶች ምዘናና ዕውቅና ማስተባበሪያ ኃላፊ
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሰጠሁት ዘጠኝ ነጥብ እንዲሰረዝልኝ፣ የተሰጠኝ የምስጋና ወረቀትም እንዲወሰድልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ማኅተምዎ፣ በተለይም ሁለቱ ጆሮዎችዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ጆሮዎ ለይቼ መጠየቄ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ የሰው ጆሮ እንደማይታመን ዘንድሮ በራሴ ላይ ስላየሁ፣ አሁን አሁን ሰው ሳገኝ ከልጆቹ ደኅንነት ቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሁለቱም እሰማለሁ። ይህ ጤንነቴ ለመሥሪያ ቤትዎ ማስረጃ፣ ለእኔ ደግሞ መከራ የሆነበትን ምክንያት ከዚህ በታች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

ማንነቴን ቢረሱት አይፈረድብዎትም። በሱፍቃድ ወልደሐና እባላለሁ። ጠመንጃ ያዥ ውስጥ ቴፕ፣ ሬዲዮ፣ አምፕሊፋየርና ድምፅ ማጉያ ስጠግን ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ባለፈው ኅዳር መሥሪያ ቤትዎ የሰፈሩን የእጅ ባለሙያዎች ሲያወዳድር "የድምፅ ባለሙያ" ብሎ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ አደረገኝ፤ ለዚህ ክብር እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግናለሁ። ደብዳቤው ከደረሰኝ ዕለት ጀምሮ ቤቴ ውስጥ መኖር አልተቻለም። ኮቴን ሁለት ጊዜ አስተኮስኩ፤ ባለቤቴ ወይዘሮ ሎሚ ድስት ስትከድን "ድምፁ ይሰነጠቃል" ማለት ጀመርኩ፤ የሚኒባስ ጥሩምባ እንኳ ሳይቀር "መካከለኛው ድምፅ ይጎድለዋል" እያልኩ መመዘን ያዝኩ። የውድድሩ ሽልማት ደግሞ እንደሚያውቁት ቀላል አልነበረም፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡት አዲስ በተሠራው ሼድ ውስጥ የመሥሪያ ክፍል ያገኛሉ።

ከተወዳዳሪዎቹ መካከል መሪማ ነስረዲን የምትባል የጌጃ ሰፈር ልጅ ነበረች። አባቷ በእንጨት መቅረጫ ማሽን፣ በቶርኖ፣ የወንበርና የአልጋ እግር ሲያወጣ ኖሮ ሲሞት ማሽኑን ትቶላታል። የአልጋ እግር ገዢ ሲጠፋ፣ ልጅቱ አባቷ ባስተማራት እጅ ከወይራ እንጨት ባቄላ የሚያህል የኤርፎን ቤት መቅረጽ ጀመረች፤ ከመርካቶ የምታመጣትን ትንሽ ድምፅ ማውጫ ውስጡ ትገጥምና ጆሮ ውስጥ የሚገባ፣ ለስላሳና ያማረ የእንጨት ኤርፎን ይሆናል። ቶርኖው ያለው በተከራዩት ቤት በረንዳ ላይ ነው። አከራይዋ ጩኸቱ ስለሰለቻቸው እስከ ፋሲካ ድረስ እንድታነሳው ቁርጡን ነግረዋታል፤ ስለዚህ ሼዱን ካላገኘች ማሽኑን ሸጣ ሌላ ሥራ መፈለጓ ነበር። እኔ ይህን በዚያ ቀን አላውቅም። ባውቅም የምለወጥ አይመስለኝም፤ በዚያ ቀን ሊቅ ሆኜ ነበርና።

በደሎቹን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ተከሳሹ እኔ ነኝ፤ የክቡርነትዎ ተራ በኋላ ስለሚደርስ እባክዎ አይቸኩሉ።

፩ኛ. በውድድሩ ቀን የመሪማን ኤርፎን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አገጬን ወደ ጣሪያው ቀና አደረግሁ፤ የባለሙያ አደማመጥ እንዲህ መሆን አለበት ብዬ ነው። ግራው ጥርት ብሎ ይሰማል። ቀኙ ግን ከግድግዳ ወዲያ እንደሚያወራ ጎረቤት ነው። ማይክራፎኑን ተቀበልኩና አዳራሹን ለሞላው ሕዝብ፣ "ግራው ይናገራል፤ ቀኙ ያንሾካሽካል" አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ፤ አንዳንዱም አጨበጨበ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ማቆም የማውቅ ሰው አይደለሁምና፣ "እንጨቱ ገና አልደረቀም፤ እርጥብ እንጨት ድምፅ ይጠጣል" ብዬ ጨመርኩበት።

መሪማ መድረኩ ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማ ነበር። "ጋሼ፣ እንጨቱ የአባቴ አልጋ እግር ነበር፤ በዕድሜ ይበልጠኛል" አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እባክዎ፣ ግራና ቀኙን አቀያይረው አንዴ ይሞክሩልኝ" ብላ ለመነችኝ።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ውርደቴን በሙሉ ልክ እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። "አንዱ ጎን አይሰማም" ብሎ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው። ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አዞራለሁ፤ ጉድለቱ ከዕቃው ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የዕቃው ነው፤ እዚያው ከቀረ ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። እኔ ግን ለዚያች ልጅ አምስት ሰከንድ ነፈግኳት። "ልጄ፣ ይህ ጆሮ አንቺ ሳትወለጂ ድምፅ ሲለይ ነበር" አልኳት። እንደገና ተሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከሃያው ነጥብ ዘጠኝ ሰጠኋት፤ በአንድ ነጥብ ተኩል ተበልጣ አራተኛ ወጣች። እኔም ሰው እየጨበጠኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

፪ኛ. ታኅሣሥ አንድ፣ የልደታ ዕለት፣ እንደ ልማዴ ልደታ ማርያም ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ በነጻ የምጠግነው እኔ ነኝ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳዳምጥ የቀኙ ማጉያ ደክሞብኛል። መሰላል አስመጣሁ፤ ወጣሁ፤ ብሎኑን ሁሉ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ፤ ሽቦውን አንድ በአንድ መረመርኩ፤ ምንም የለበትም። ወርጄ አዳመጥኩ፤ አሁንም ደክሟል። እንደገና ወጣሁ። የግቢው ጠባቂ አባባ ሰላሁን በትራቸውን ተደግፈው አንድ ሰዓት ያህል ሲያዩኝ ከቆዩ በኋላ፣ "በሱፍቃድ፣ እስቲ ውረድና ጀርባህን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥተህ ቁም" አሉኝ።

የሽማግሌ ቃል ነውና ወርጄ ዞርኩ። የሞተው ማጉያ ተነሣ፤ ደኅናው ሞተ።

አባባ ሰላሁን አልሳቁም። "በል ማጉያውን መልሰህ ግጠመው፤ የተበላሸው ከአንተ ጋር ነው የመጣው" ብለውኝ ወደ በራቸው ተመለሱ።

እዚያው መሰላሉ ሥር ቆሜ ትዝ ያለችኝ መሪማ ናት። እጆቿን አጣምራ የቆመችው። ክቡርነትዎ፣ መሰላሉን እንደገና ወጥቼ ብሎኖቹን ከኪሴ እያወጣሁ ማጉያውን መልሼ ገጠምኩ።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ሲስተር ኡሙልኸይር ቀኝ ጆሮዬን በለብ ያለ ውኃ ስታጥበው እንደ ጠጠር የደረቀ ኩክ ወጣ፤ በመሐሉ ደግሞ ከክብሪት እንጨት ጫፍ የቀረ ጥጥ ነበረበት። "ይህ ጥጥ የገባው መቼ ነው?" አለችኝ። አላውቅም። "ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ቤት ውስጥ ማንም አልነገረዎትም?" አለች። ማታ ይህንኑ ሎሚን ብጠይቃት፣ "ዓመት ሙሉ ነገርኩህ እኮ፤ ሁሌ በቀኝህ በኩል ሆኜ ነው መሰለኝ" አለችኝ።

ሁለቱ የእኔ በደሎች እነዚህ ናቸው። ወደ እርስዎ ከመሻገሬ በፊት ግን ስለ ኤርፎኑ እውነቱን መመስከር አለብኝ፤ ለዚህ ነበርና የጠራችሁኝ።

ጌጃ ሰፈር ሄጄ መሪማን በረንዳዋ ላይ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ አገኘኋት። የመጣሁበትን ነግሬ፣ መንገድ ላይ ያጠናሁትን ይቅርታ ልጀምር ስል ኤርፎኑን ዘረጋችልኝና፣ "መጀመሪያ ያዳምጡ፤ ይቅርታው የትም አይሄድም" አለችኝ። ስልኬ ላይ የቆየ የክራር ቅጂ ነበረኝ፤ እሱን ከፈትኩ። በዚህ ጊዜ ዓይኔንም አልጨፈንኩ፣ አገጬንም ቀና አላደረግሁ። የተጫዋቹ ጣት ከጅማቱ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ፤ በቀኝ በኩል ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ከሥር ይመጣል እንጂ ሌላውን አይጋፋም፤ በፕላስቲክ ኤርፎኖች ላይ ጆሮ የሚወጋው ጩኸት እንጨቱ ውስጥ ሲያልፍ ይለዝባል። ግራና ቀኙ እኩል ነበሩ። አቀያየርኳቸው፤ አሁንም እኩል ነበሩ።

"ስንት ይሰጡታል?" አለችኝ።

"አሥራ ሰባት።"

"ሦስቱስ?"

የክራሩ ቀጭን ድምፅ ላይ ትንሽ እንደሚደበዝዝ፣ የእንጨቱም ጠርዝ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ጆሮ እንደሚቆረቁር ነገርኳት። አልተቀየመችም። ከእጄ ተቀብላ ጠርዙን እዚያው መፈግፈግ ጀመረች። እኔ ይቅርታዬን ሳቀርብ ቀና ሳትል ሰማችኝና፣ "ጋሼ፣ እዚህ እኔና እርስዎ ብቻ ነን። ያሳቁብኝ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው" አለች።  ይህ ደብዳቤ ታሽጎ ከመላክ ይልቅ በየሱቁ በርና በሰፈሩ ቴሌግራም ላይ የወጣው በዚህ ምክንያት ነውና ክቡርነትዎ እንዳይቀየሙኝ።

፫ኛ. አሁን ተራው የእርስዎ ነው። በሳምንቱ መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ፣ ነጥቡን የሰጠሁት በአንድ ጆሮ ስለሆነ ይሰረዝልኝ ብዬ አመለከትኩ። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ማሂ በትሕትና፣ "በዕለቱ እንዳልሰሙ የሐኪም ማስረጃ ያምጡ" አለችኝ። አመጣሁ። ወረቀቱ ቀኝ ጆሮዬ ተደፍኖ እንደነበረና ከታጠበ በኋላ በሚገባ እንደሚሰማ ይናገራል። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ በክቡርነትዎ ፊርማ መልስ ደረሰኝ፤ "በቀረበው የሕክምና ማስረጃ መሠረት የዳኛው ጆሮ ጤናማ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ የተሰጠው ነጥብ የጸና መሆኑን እናሳውቃለን" ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተሞላበት አነባበብ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ወረቀቱ ላይ ካሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን መርጦ ማንበብ ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል። እንደ ደነቆርኩ ብመጣ ትሰሙኝ ነበር፤ ድኜ መጣሁና አልተሰማሁም። ከመልሱ ጋር አያይዛችሁ "ለላቀ የማዳመጥ ብቃት" የሚል፣ ወርቃማ ፍሬም ያለው የምስጋና ወረቀት ስለላካችሁልኝ ደግሞ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሎሚ ስታየው እስኪያስላት ድረስ ነው የሳቀችው።

እስከዚያው ምን ሆነ ቢሉኝ፣ የሱቄን ግማሽ ለመሪማ ለቀቅኩ። ባለቤቶቻቸው የረሷቸውን ሬዲዮዎች አውጥቼ ቶርኖውን በሁለት ወዛደር አስገባነው። መሪማ ማሽኑን ስታስነሳ የእኔ የመበየጃ ካውያ ይበርዳል፤ እኔ ካውያዬን ስሰካ የእሷ ማሽን ያቃስታል፤ ስለዚህ እሷ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት እንሠራለን። የእንጨት ብናኙ አምፕሊፋየር ውስጥ ስለሚገባ ደንበኞቼ ያኮርፋሉ፤ ከአንዱም ጋር ተጣልቻለሁ። ልጅቱ እየሠራች ነው፤ ማሽኗም አልተሸጠም። ሆኖም ይህ መጠለያ እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ እሷም ሥራዋን እንጂ ምጽዋቴን እንደማትፈልግ በግልጽ ነግራኛለች። ሼዱ ውስጥ ደግሞ አራተኛው ክፍል እስከ ዛሬ ተቆልፎ የውድድሩ ቀን ወንበሮች ተቆልለውበታል። ወንበሮቹ ስንተኛ እንደወጡ ማወቅ ብችል ደስ ይለኛል።

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ዘጠኙ ነጥብ ከነፊርማዬ ይሰረዝ። ሁለት ጆሮ ያለው፣ የማንንም ስም የማያይ ሌላ ሰው፣ መጋረጃ ጀርባ ሆኖ ዕቃዎቹን እንደገና ያዳምጥ። መሪማ ያን ጊዜም አራተኛ ብትወጣ አፌን እዘጋለሁ፤ እሷም "ያኔ እቀበላለሁ" ብላኛለች። የምስጋናውን ወረቀት ከነፍሬሙ አያይዤ መልሻለሁ፤ መስታወቱ አልተሰነጠቀም፣ ለሚቀጥለው ባለሙያ ሊያገለግል ይችላል።

ትዕግሥትዎ እንዲበዛ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ጠረጴዛዎ ላይ የሚደርስ ወረቀትም ሁልጊዜ ባለ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎ የቀድሞ ሊቅ፣
በሱፍቃድ ወልደሐና
ጠመንጃ ያዥ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ለወይዘሪት መሪማ ነስረዲን፤ በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ለሳቃችሁ ሁሉ።

የተረሳ ነገር፦ ባለፈው ሳምንት ኤርፎኑን ራሱን ይዤ ቢሮዎ መጥቼ "እስቲ ራስዎ ያዳምጡት" ባልኩዎ ጊዜ፣ ጆሮዎ ውስጥ ከተው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ራስዎን በምቱ ልክ ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ "ድምፁስ ግሩም ነው፤ ውጤቱ ግን አይቀየርም" ብለውኝ ነበር። ወይዘሪት ማሂ ቆማ ስለነበር ላሳፍርዎ አልፈለግሁም እንጂ፣ ስልኬ ላይ ዘፈኑን ገና አልከፈትኩትም ነበር።